ለድርቆሽ አጨዳና ለቁጥቋጦ ምንጠራ አነስተኛ ትራክተር መምረጥ፦ የኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ፣ 2ኛ ሳምንት። መሬቱን መለካት

ቦታው ከኮምቦልቻ ወደ ሀርቡ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ታችኛው 16 ጥማድ (4 ሄክታር) ሜዳ ነው፤ መረሬ አፈር፣ ሰርዶና ሙጃ የበዛበት፣ ለማድለቢያው ድርቆሽ የሚታጨድ። ላይኛው 6 ጥማድ ተዳፋት ነው፤ ክትክታ፣ አጋም፣ የወፍ ቆሎና ለጋ ግራር ወርሮታል፤ ይመነጠራል። ጥጉ ላይ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። ከዚህ ሌላ በደሴ በኩል፣ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ 3 ጥማድ ሣር አለ።

ትራክተር ሊገዛ ነው ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት?» ነው። እዚህ ግን የተጀመረው ከኋላ ነው፦ መጀመሪያ ከኋላ የሚንጠለጠለው መሣሪያ፣ ቀጥሎ ተዳፋቱ፣ ቀጥሎ አፈሩ፤ ትራክተሩ መጨረሻ።

ተዳፋቱን ለመለካት የ2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላና ውሃ ልክ ይበቃል። የጣውላው አንድ ጫፍ ዳገቱ በኩል መሬት ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፍ ውሃ ልኩ መሐል እስኪቆም ድረስ ይነሳል፤ ከዚያ ጫፍ እስከ መሬት ያለው በሜትር ይለካል። 35 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ነው፤ 54 ከሆነ 15 ዲግሪ። 14 ቦታ ተለካ። 12ቱ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር መጡ፤ ሁለቱ ከ60 በላይ። ሁለቱ ቦታዎች ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተተክሎባቸዋል፤ እዚያ ገጀራና ዶማ እንጂ ትራክተር አይገባም። ከ10 ዲግሪ በላይ ባለው ላይ ትራክተሩ ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ይሠራል፤ አግድም መሄድ የለም።

የግንድ ውፍረትም ተለክቷል። ስላሸር (የሚሽከረከር ምላጭ ያለው መመንጠሪያ) በሚቆርጠው ውፍረት ይለያያል፦ ቀላሉ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው እስከ 5፣ ከባዱ እስከ 7.5። ክትክታውና የወፍ ቆሎው አብዛኛው ከ4 በታች ነው። ከ5 በላይ የሆኑት ግራሮች 30 አይሞሉም፤ እነሱ በመጥረቢያ ይወድቃሉ። ለ30 ዛፍ ብሎ ከባድ ስላሸር፣ ለከባድ ስላሸር ብሎ ትልቅ ትራክተር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

 

ነሐሴ፣ 4ኛ ሳምንት። ከፍታው የሚበላው ጉልበት

በካታሎግ ላይ የሚጻፈው የሞተሩ ጉልበት ነው። ማጨጃውን የሚያዞረው ግን ከኋላ የሚወጣው ዘንግ፣ ፒቲኦ፣ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ከሞተሩ 85 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ናፍጣው ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ስለሆነ ኪሳራው 18 በመቶ፣ ደሴ ላይ 25 በመቶ ይሆናል።

25 ፈረስ ጉልበት፦ ፒቲኦው ላይ 21፣ ኮምቦልቻ 17፣ ደሴ 16።
40 ፈረስ ጉልበት፦ ፒቲኦው ላይ 34፣ ኮምቦልቻ 28፣ ደሴ 25 ተኩል።

ስላሸር ለእያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት 5 ፈረስ ጉልበት ይፈልጋል፤ ይህ ለሣርና ለቀጭን ቁጥቋጦ ነው። 1.5 ሜትር ስላሸር 25 ይፈልጋል ማለት ነው። 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ወረቀት ላይ የሚበቃ መስሎ ኮምቦልቻ ሲደርስ በ17 ቀርቷል። ሻጩ «1.2 ሜትር ስላሸር ግዙ» ይላል። ችግሩ የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ከውጭ እስከ ውጭ 1.45 ሜትር መሆናቸው ነው፤ ጠባብ ማጨጃ ጎማው የረገጠውን ሣር ሳያጭድ ያልፋል። ማጨጃው ቢያንስ የጎማውን ስፋት መሸፈን አለበት።

ቱርቦ ያለው ሞተር የከፍታውን ኪሳራ በአብዛኛው ይመልሳል። አልተመረጠም። ሥራው ደሴ ላይ 3 ጥማድ ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ ሲበላሽ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚመጣ። ሥራው ሁሉ ደሴ ወይም ኩታበር ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ይገለበጥ ነበር።

ጳጉሜን። የቀረቡት

ሀ) 25 ፈረስ ጉልበት፣ ፎር ዊል፣ አዲስ። ከላይ ባለው ሒሳብ ወጥቷል።

ለ) ማሲ ፈርጉሰን 135፣ ያገለገለ። ከ1964 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሞዴል ነው፤ አብዛኛው ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር፣ 45 ፈረስ ጉልበት ግድም። መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ተዳፋት ላይ ቁልቁል ሲወርድ የሚይዘውም የኋላው ብቻ ነው። ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚከላከለው ቅስትም የለውም። ሜዳ ብቻ ቢሆን ይህ ይገዛ ነበር።

ሐ) 80 ፈረስ ጉልበት ያለው ትልቅ ትራክተር፣ ያገለገለ፣ ዋጋው ከአዲሱ ትንሽ ያነሰ። ክብደቱ ከ3 ቶን በላይ ነው፤ መረሬ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ሳምንት አይገባም፤ ማንጠልጠያውም (መሣሪያው ከኋላ የሚያያዝበት) በመጠኑ ምድብ 2 ነው። የምድብ 1 የታችኛው ክንድ ፒን 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የምድብ 2 ከ28 በላይ። ትንንሽ ማጨጃዎች የሚመጡት በምድብ 1 ነው። ቡሽ እያስገቡ ማላመድ ይቻላል፤ ግን ከባድ ትራክተር ቀላል ማጨጃ ሲያነሳ ድንጋይ ቢመታ የሚጣመመው ማጨጃው ነው።

መ) 40 ፈረስ ጉልበት፣ ፎር ዊል፣ ባለ ማርሽ፣ 1,420 ኪሎ። የቀረው እሱ ነው።

ሃይድሮስታቲክ (ያለ ማርሽ በፔዳል ፍጥነት የሚቀይር) ዓይነትም ቀርቦ ነበር። ለምንጠራ ምቹ ነው፤ ፊትና ኋላ ማለቱ እንደ ጨዋታ ነው። ግን ጉልበት ይበላል፤ ፓምፑ ከተበላሸ ደግሞ እዚህ የሚፈታው የለም። ፍሪሲዮን ግን የትም ይቀየራል።

መስከረም፣ 2ኛ ሳምንት። ሙከራና ሚዛን

ሻጩ ጋ ሲደረስ መጀመሪያ የሚደረገው ሞተሩን በእጅ መንካት ነው። ሞቆ ከተገኘ ደንበኛው ሳይመጣ አስነስተውታል፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር ነው የሚደበቀው። ይህኛው ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳ፤ ነጭ ጭስ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ጠራ።

የተመረመረው በቅደም ተከተል፦

ፒቲኦው ራሱን የቻለ ነው ወይ? ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፒቲኦው አብሮ የሚቆም ከሆነ ለምንጠራ አይሆንም። ቁጥቋጦ ሲበዛ ትራክተሩ መቆም፣ ምላጩ ግን መዞሩን መቀጠል አለበት። ከዚህ የባሰው ደግሞ የስላሸሩ ምላጭ በራሱ ክብደት መዞሩን ሲቀጥል ካምቢዮውን ወደ ፊት መግፋቱ ነው፤ ፍሪሲዮን ተረግጦም ትራክተሩ ይሄዳል። አሮጌ ትራክተሮች ላይ ይህን የሚከላከል፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚነዳ መጋጠሚያ ዘንጉ ላይ ይገባል። ይህኛው ራሱን የቻለ ሆኖ ተገኘ።

በ540 ዙር ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት ነው? ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር ሲደርስ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ዳሽቦርዱ ላይ ምልክት አለው። በዚያ ዙር፣ በመጨረሻው ከባድ ማርሽ፣ 20 ሜትር ተለክቶ በሰዓት ተያዘ፤ 44 ሰከንድ ወሰደ። ይህም በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ለምንጠራ ከ2 በታች መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ሾፌሩ ዙሩን ይቀንሳል፤ ዙር ሲቀንስ ምላጩ መቁረጥ ትቶ መቅደድ ይጀምራል።

የማንሳት አቅሙ የት ላይ የተለካ ነው? ካታሎጉ ትልቁን ቁጥር የሚጽፈው ክንዱ ጫፍ ላይ ነው። ማጨጃ ግን ወደ ኋላ የተዘረጋ ነው፤ የሚጠየቀው ከክንዱ ጫፍ 61 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያለው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ምድር ሚዛን። በአካባቢው ያለ የመኪና ሚዛን ላይ ትራክተሩ ብቻውን 1,420 ኪሎ፤ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሲወጡ 570። 310 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 1.5 ሜትር ስላሸር ተነስቶ ሲለካ ጠቅላላው 1,730፣ ፊቱ 270 ብቻ። ይህ 15.6 በመቶ ነው። የፊት ጎማ ቢያንስ 20 በመቶ መሸከም አለበት፤ ካነሰ ዳገት ላይ መሪ አይታዘዝም፤ ጉድጓድ ሲያገኝም ፊቱ ይነሳል። 20 ኪሎ የሚመዝኑ 4 ብረቶች ፊት ላይ ተሰቀሉ። 80 ኪሎ ተጨምሮ ፊቱ ላይ የታየው ጭማሪ 108 ነው፤ ብረቱ ከፊት አክሰል 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስለሚንጠለጠል ከኋላ ያለውንም ይቀንሳል። አሁን 378 ከ1,810፤ 20.9 በመቶ።

ለተዳፋቱ ሲባል የኋላ ጎማዎች ውሃ ተሞሉ። ጎማው 11.2-24 ነው፤ ቫልቩ ወደ ላይ ዞሮ ውሃው ቫልቩ ድረስ ሲደርስ ሦስት አራተኛ ይሞላል፤ በእያንዳንዱ 140 ሊትር ግድም። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መገልበጥን ይቀንሳል። ጎሚስታው የቫልቭ ማስገቢያ ስላልነበረው በጎማ ቱቦ ከበርሜል ተንጠባጥቦ ገባ፤ አንድ ቀን ፈጀ። ውሃው 280 ኪሎ ሲጨምር የፊቱ ድርሻ ወደ 18 በመቶ ወረደና ሁለት ብረት መጨመር ግድ ሆነ፤ 6 ብረት፣ 433 ከ2,130። አንድ ነገር ሲጨመር ሁሉም እንደገና ይመዘናል።

መስከረም፣ 4ኛ ሳምንት። ሁለት ስህተት

አንደኛው የዘንጉ ነው። የፒቲኦ ዘንግ ሁለት ቱቦ እርስ በርሱ የሚሳብ ነው፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ረጅም ሆኖ ስለሆነ በትራክተሩ ልክ ይቆረጣል። ማጨጃው ጫፍ ድረስ ተነስቶ ተለካ፤ 78 ሴንቲ ሜትር። መሬት ላይ ወርዶ ተለካ፤ 81። ለ78 ተቆረጠ። ስላሸሩ ሲነሳ መሐል ላይ «ድው» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የፒቲኦው ፓራኦሊዮም (ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ።

ዘንጉ የሚያጥረው ሲነሳ ሳይሆን ቀጥ ብሎ አግድም በሚሆንበት ቦታ ነው፤ እዚያ 74 ነበር። ሁለቱ ቱቦዎች ተጋጭተው ኩሽኔታውን ገፍተውታል። ፓራኦሊዮና ጉልበት 3,400 ብር። ትክክለኛው አሠራር፦ ፒቲኦ ጠፍቶ ማጨጃውን ቀስ ብሎ ማንሳት፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መለካት፤ ከአጭሩ ልክ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው፤ ከረጅሙ ልክ ላይ ደግሞ ቱቦዎቹ ቢያንስ በሲሶው ተደራርበው መቅረታቸውን ማረጋገጥ። የሚቆረጠው ከሁለቱም ቱቦና ከሁለቱም የፕላስቲክ መሸፈኛ እኩል ነው። በሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ሞርሳ (ማሰሪያ) ላይ፣ ቀጥ ተደርጎ፤ ጫፉ ከውስጥም ከውጭም በሞረድ ይስተካከላል፤ ብናኙ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ ግራሶ። በግራይንደር መቁረጥ ይፈጥናል፤ ግን ጫፉ ያብጥና ቱቦው አልሳብ ይላል።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ዋጋ አስከፈለ። እቅዱ በአንድ ስላሸር ሣሩንም ቁጥቋጦውንም ማድረግ ነበር። 2 ጥማድ ለሙከራ ታጨደ። ስላሸር ሣሩን ከሥሩ ቆርጦ አያስተኛውም፤ ደጋግሞ ይከትፈዋል። የወጣው ከጣት እስከ ስንዝር ያለ ቁርጥራጭ ነው፤ ከአፈርና ከደረቅ እበት ጋር ተደባልቆ። በመንሽ አይሰበሰብም፤ ሬክ ሲደረግ (ጥርስ ባለው መሰብሰቢያ ሲጠረግ) ሲሶ ያህሉ መሬት ላይ ቀረ፤ ከብቱም አፈር ያለበትን ሣር ገፋው። ስላሸር ሣር ለማሳጠር ነው፤ ድርቆሽ ለሚፈልግ አይሆንም።

ለድርቆሽ ሦስት ምርጫ አለ። የመቀስ ማጨጃ ከ10 እስከ 15 ፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፤ አቆራረጡ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ኩይሳና ድንጋይ ባለበት ጥርሱ በየሰዓቱ ይሰበራል። የዲስክ ማጨጃ ፈጣን ነው፤ ዋጋውና ጥገናው ከባድ። ድራም ማጨጃ፣ 1.35 ሜትር፣ ሁለት ድራም፣ በእያንዳንዱ ሦስት ምላጭ፤ 25 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ይወስዳል፤ ኩይሳ ሲመታ ምላጩ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ድራም ተገዛ፣ ያገለገለ። ይህ በነሐሴ ቢታሰብ ኖሮ የጥቅምቱ አጨዳ በ12 ቀን ባልዘገየ ነበር።

ጥቅምት፣ 3ኛ ሳምንት። አጨዳው

መረሬ መግባት አለመግባት የሚፈተነው በእጅ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይወጣል፤ በመዳፍ መሐል ይጠቀለላል። እንደ ገመድ ከተሳበ ገና ነው፤ ከተሰነጣጠቀ ይገባል። በወሩ መጀመሪያ ይሳብ ነበር፤ በ17ኛው ቀን ተሰነጣጠቀ። ዘግይቶ መግባትም የራሱ ጣጣ አለው፤ መረሬ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ የፊት ጎማ የሚይዝ ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ሣሩም ፍሬ አውጥቶ እንጨት ይሆናል። ጥሩው ጊዜ ግማሹ ሲያብብ ነው።

ድራሙ ወደ ቀኝ ወጥቶ ስለሚንጠለጠል አጨዳው ከሜዳው ዳር ተጀምሮ ወደ መሐል ይዞራል። ኩይሳዎቹ ቀድመው በዶማ ተደልድለዋል፤ ከ40 በላይ ነበሩ። ያልታዩ ሦስት ቀሩ፤ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምላጭ ሄደ። ምላጩ የቀኝና የግራ አለው፤ ተቀያይሮ ከገባ ሣሩን ሳይቆርጥ ይደፋዋል። ሁልጊዜ ከአንድ ድራም ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስና ያለቀ ሲቀላቀል መንቀጥቀጡ ኩሽኔታ ይበላል።

ሒሳቡ፦ 1.35 ሜትር በ6 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ለመዞሪያ ሩቡ ተቀንሶ፣ በሰዓት 0.6 ሄክታር። 4 ሄክታር በ7 ሰዓት ማለቅ ነበረበት። 11 ሰዓት ወሰደ። ጊዜውን የበላው ምላጭ መቀየርና ራዲያተር ማጽዳት ነው። የሙጃ አበባና ገለባ ራዲያተሩን በየ40 ደቂቃው ይደፍነዋል፤ የሙቀት መርፌው ሲወጣ ማቆም፣ በመጥረጊያ ማራገፍ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የመስኮት የትንኝ ወንፊት ተቆርጦ ፊቱ ላይ በሽቦ ታሰረ፤ አሁን የሚጠረገው ወንፊቱ ነው፤ በግማሽ ደቂቃ። ናፍጣ በሰዓት 4 ተኩል ሊትር።

ደሴ ያለው ሣር በሁለት ሰዓት ተኩል ታጨደ። በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጥቁር ጭስ ስለወጣ ወደ 4 ተኩል ወርዷል። ሒሳቡ እንዳለው ነው። ትራክተሩ በራሱ ጎማ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት አልወጣም፤ ተጭኖ ነው የሄደው። የጭነቱ ዋጋ ከአጨዳው ሊበልጥ ምንም አልቀረውም፤ ለከርሞ ያ ሣር በማጭድ ቢታጨድ ይሻላል።

የፓርቲኒየም (ቅንጬ አረም) ነገር። ከመንገዱ ዳር አንድ ጥማድ ያህል ገብቷል። ድርቆሽ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የወተትና የሥጋ ጣዕም ያበላሻል። የሚታጨደውም ሳያብብ ነው፤ ብናኙ ቆዳና አፍንጫ ያሳክካል፤ ሾፌሩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ እጀ ሙሉ ለብሶ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፤ ምክንያቱም ዘሩ በማጨጃው ሆድ ተሸጉጦ ወደ ንጹሑ ሜዳ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ የማጨጃው ሥር በእንጨት ተፍቆ እዚያው ይራገፋል።

ኅዳር፣ 2ኛና 3ኛ ሳምንት። ምንጠራው

ስላሸሩ ከመግባቱ በፊት የተስተካከለው፦ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ፤ የአቆራረጥ ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር፤ የስላሸሩ ካምቢዮ ዘይት 80ደብልዩ90፤ ፊትና ኋላ ድንጋይ የሚያስቀር ሰንሰለት። የስላሸር ምላጭ እንደ ቢላዋ አይሳልም፤ ጠርዙ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይተውለታል። ሲሾል ግንድ ሲመታ ይታጠፋል።

ሰንሰለቱ ቢኖርም ድንጋይ ይወረወራል። በ100 ሜትር ውስጥ ሰውም ከብትም እንዳይኖር ሁለት ሰው መንገዱ ዳር ቆመ። እረኞቹ ማሽን ለማየት ይጠጋሉ፤ ለእነሱ አንድ ሰው ለብቻ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 9 ቡሎን ተሰበረ። ዘንጉ ካምቢዮው ጋ የሚያያዘው ሆን ተብሎ በሚሰበር ባለ 12 ሚሊ ቡሎን ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር አለው። ምላጩ ድንጋይ ሲመታ እሱ ይበጠሳል፤ ሌላው ይተርፋል። በሦስተኛው ቀን ቡሎን አልቆ ከሳጥን ውስጥ የተገኘ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ ግን የበለጠ ጠንካራ የሆነ 10.9 ገባ። ለሰዓት ተኩል ምንም አልተሰበረም፤ ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ ሣር ውስጥ የተደበቀ ጉቶ ተመታና ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ለሁለት ተከፈለ፤ የካምቢዮው መግቢያም ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኩ የተሰበረውን ክሮቼራ እያገላበጠ «ወንድሜ፣ ቡሎኑ መሰበሩ እኮ ደግ ነው፤ እሱ እምቢ ሲል ነው ጉዱ» አለ። ክሮቼራ፣ ፓራኦሊዮና ቶርኖ ቤት 7,900 ብር፤ አራት ቀን ቆመ። 20 ባለ 8.8 ቡሎን ከነዳዶው ከዚህ አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው አሠራር ነው። ጠዋት ሁለት ሰው ኖራ ይዞ በመስመር ይሄዳል፤ ድንጋይና ጉቶ ባለበት ላይ ይረጫል። በመጀመሪያው ዙር ስላሸሩ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ቁጥቋጦው ሲወድቅ መሬቱ ይታያል። ሁለተኛው ዙር በ12። ሁለት ዙር ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ቀናት ግን የተሰበረው 2 ቡሎን ነው። በሰዓት 0.1 ሄክታር፤ ናፍጣ 5 ተኩል ሊትር።

ከቡሎን ይልቅ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ዘንግም አለ፤ ድንጋይ ለበዛበት ይሻላል። ግን ክረምቱን ቆሞ ከዛገ ተጣብቆ እንደ ድፍን ብረት ይሆናል፤ በየዓመቱ ዳዶዎቹ ላልተው፣ ለ2 ሰከንድ ተንሸራቶ፣ እንደገና በልኩ መጥበቅ አለበት። ይህን የማይሠራ ሰው ቡሎን ይሻለዋል።

ታኅሣሥ፣ 1ኛ ሳምንት። ጎማና ጉቶ

ስላሸር የቆረጠው ክትክታ እንደ ችካል ሹል ሆኖ ይቀራል። የግራር እሾህ ሲጨመርበት በአንድ ሳምንት 4 ጊዜ ጎማ ተነፈሰ፣ ሦስቱ የፊት። የፊት ጎማው ባለ 4 ፕላይ (ድርብ) ነበር። ባለ 8 ፕላይ ተገኝቶ ተቀየረ፤ ውስጡም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ተጨመረ። ውሃ የተሞላው የኋላ ጎማ ሲበሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ውሃው ሳይወጣ አይለጠፍም። ከመጀመሪያው ስድስት ወይም ስምንት ፕላይ ያለው የእርሻ ጎማ መጠየቅ ነበረበት፤ ለሣር ተብሎ የሚመጣው ሰፊ ለስላሳ ጎማ ለዚህ ቦታ አይሆንም።

የባሕር ዛፉ ጉቶ ላይ ትራክተሩ አልተሞከረም። በሰንሰለት እንጎትት የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። 2 ቶን የማይበልጥ ትራክተር ሥር ያለው ጉቶ ሲጎትት፣ በተለይ ሰንሰለቱ ከአክሰሉ በላይ ከታሰረ፣ ፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ጉቶዎቹ በቀን ሠራተኛ በዶማ ዙሪያቸው ተቆፍሮ፣ ሥራቸው በመጥረቢያ ተቆርጦ ወጡ፤ በአንድ ሰው በቀን 3 ጉቶ። ጉቶው ለማገዶ ስለተሸጠ የጉልበቱን ግማሽ ያህል መለሰ።

ፊት ላይ የሚገጠም ባልዲ ቢኖር ኖሮ የተመነጠረውን መሰብሰብ ይቀል ነበር። ግን ባልዲ ያለው ትራክተር ተዳፋት ላይ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሬ የሚጎትተው ቅርንጫፍ ተደርድሮ ወርዷል፤ ለዚህ መሬት በቂ ነው።

ጥር፣ 1ኛ ሳምንት። ሰዓት ቆጣሪው 50 ላይ

የመጀመሪያው ሰርቪስ፦ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ የጎማ ዳዶዎች ሁሉ እንደገና መጥበቅ (ሁለቱ ላልተው ነበር)፣ የቺንጋው ውጥረት። የሃይድሮሊክ ፊልትሮው ሲከፈት የብረት ብናኝ ታየበት፤ አዲስ ማሽን ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው ቅያሪ በ50 ሰዓት የሚሆነው። የአየር ፊልትሮ በአቧራው ወቅት በየቀኑ ይራገፋል፤ በእጅ ተመትቶ እንጂ በኃይለኛ አየር ከቅርብ ተነፍቶ አይደለም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ድራሙ ታጥቦ፣ ቺንጋዎቹ ላልተው፣ በጣውላ ላይ ተቀምጧል። የስላሸሩ ካምቢዮ አሁንም በመግቢያው በኩል ትንሽ ያልባል፤ ዘይቱ በየ8 ሰዓት ሥራ ይታያል። ኩሽኔታው የተጎዳ ይመስላል፤ ዘንጉ በእጅ ሲወዘወዝ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይጫወታል። ከበልግ በፊት ይፈታል። በተመነጠረው ቦታ ላይ የወፍ ቆሎው ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ አፈሩ ሲረጥብ በዶማ ካልተነቀለ በነሐሴ ስላሸሩ እዚያው ይመለሳል።